የሮስተሩ ቀመር እንዳይነካ፦ ማክሮ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት ወደ መንዝ ደጋ ወጥተን ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የኮምፒዩተር ሥልጠና በምንሰጥበት ወቅት፣ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። ልጁ 9ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ነው። በእጁ የያዘው የውጤት ካርድ አማካይ ውጤቱ 47.8 መሆኑንና ወደ 10ኛ ክፍል አለመዛወሩን ይናገራል፤ የትምህርት ቤቱ የማዛወሪያ ወሰን 50 ነበርና። አባትየው የመጡት ለመማለድ አልነበረም። ልጃቸው በካርዱ ጀርባ የ10ሩን ትምህርቶች ውጤት በእርሳስ ደምሮ 514 ስላገኘ «እስቲ እናንተም ደምሩልን» ለማለት ነበር።

ደመርን። አማርኛ 58፣ እንግሊዝኛ 39፣ ሒሳብ 73፣ ፊዚክስ 44፣ ኬሚስትሪ 41፣ ባዮሎጂ 52፣ ጂኦግራፊ 48፣ ታሪክ 49፣ ሥነ ዜጋ 49፣ ሰውነት ማጎልመሻ 61። ድምሩ 514፣ አማካዩም 51.4 ነው። ልጁ ትክክል ነበር። ኮምፒዩተሩም ቢሆን የታዘዘውን ከመሥራት በቀር ያጠፋው ነገር አልነበረም።

ሮስተሩ የተሠራው በኤክሴል ነው። በእያንዳንዱ ተማሪ ረድፍ ላይ 10 የውጤት ሴሎች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የድምር፣ የአማካይና የደረጃ ሴሎች አሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቀመር የሚይዙ ናቸው። የልጁን የድምር ሴል ስንጫነው ግን በላይኛው የቀመር መስመር ላይ የታየን የመደመሪያ ቀመር ሳይሆን 478 የሚል ደረቅ ቁጥር ነው። ነገሩን ስናጣራ እንዲህ ሆነ። የሒሳብ ውጤቱ መጀመሪያ የገባው 37 ተብሎ፣ ማለትም ሁለቱ አኃዞች ተገለባብጠው ነው። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በዚያው ሰሞን ድምሩን በካልኩሌተር ሲያረጋግጥ 478 አገኘና «ለጥንቃቄ» ብሎ በድምሩ ሴል ላይ ራሱ ጻፈው። በዚያች ቅጽበት ቀመሩ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ የሒሳብ መምህሩ ስሕተቱን አይቶ 37ን ወደ 73 አረመ። በካርዱ ላይ የሒሳቡ ውጤት ታረመ፤ ድምሩ ግን ባለበት ቀረ። አማካዩ 478ን ለ10 አካፍሎ 47.8 አለ፤ ደረጃውም ያንኑ ተከተለ። ሁለቱም መምህራን ያደረጉት በቅን ልቡና ነው፤ አንደኛው አረጋገጠ፣ ሌላው አረመ።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የተሰበረ መሣሪያ ያን ያህል አያስፈራንም፤ መሰበሩ ይታያልና። የሚያስፈራን ዜሮው ሳይታወቅ የተዛባ ሚዛን ነው። በቁጥር የተሸፈነ ቀመርም እንደዚያው ነው። ሴሉ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ቁጥሩም በዚያ ቀን ትክክል ነበር። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን አደጋ በሺት ጥበቃና በማክሮ እንዴት መከላከል እንደሚቻል፣ መከላከያው እስከ የት እንደሚደርስም ለማየት እንሞክራለን።

የሠንጠረዥ ሥሌት ፕሮግራም በግል ኮምፒዩተር ላይ የታየው ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቪዚካልክ ነው። ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ተሠራ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት የማክሮ ቋንቋ ቪዥዋል ቤዚክ የተጨመረለትም በ1993 ነው። የእነዚህ ፕሮግራሞች ትልቁ ብልሃት ለሚገባ መረጃና ለሚወጣ ሥሌት አንድ ዓይነት ሳጥን መስጠታቸው ነው፤ ትልቁ ድክመታቸውም ይኸው ነው። በማናቸውም ሌላ ፕሮግራም ተጠቃሚው ቁጥር ሲያስገባ የፕሮግራሙን ሕግ ሊያጠፋ አይችልም። በኤክሴል ግን በአንድ ጣት ይችላል።

የመንዙ ጉዳይ የትንሽ ትምህርት ቤት ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ እንጨምር። በ2010 እ.ኤ.አ. ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የመንግሥት ዕዳቸው ከአገራዊ ምርታቸው 90 በመቶ የበለጠ አገሮች ዕድገታቸው በአማካይ ከዜሮ በታች፣ 0.1 በመቶ ቅናሽ መሆኑን ጻፉ። ጥናቱ በብዙ አገሮች የበጀት ክርክር ውስጥ ተጠቀሰ። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለክፍል ሥራ ብሎ ያንን ሥሌት ሊደግም ሞከረ፤ አልመጣለትም። የኤክሴል ፋይላቸውን ጠይቆ ሲያገኝ የአማካዩ ቀመር እስከ 49ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባው 44ኛው ላይ ቆሟል። 5 አገሮች፣ ማለትም አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ፣ ከሥሌቱ ውጭ ቀርተዋል። እርሱና መምህራኑ ባደረጉት እርማት ውጤቱ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ለእውነት ያህል፣ የልዩነቱ ዋና ምክንያት ይህ ቀመር ብቻ አይደለም፤ የተተዉ መረጃዎችና የአመዛዘን ስልት ከእርሱ የበለጠ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም የኸርንደንና የመንዙ ልጅ ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የተጻፈውን ቁጥር ከመቀበል ይልቅ እንደገና ደመሩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሮስተራችን የተማሪ ስም በ«ኤ» ዓምድ፣ የ10ሩ ትምህርቶች ውጤት ከ«ቢ» እስከ «ኬ»፣ ድምር በ«ኤል»፣ አማካይ በ«ኤም»፣ ደረጃ በ«ኤን» ዓምድ አለው እንበል። የክፍሉ 61 ተማሪዎች ከ5ኛው እስከ 65ኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያው መከላከያ ማክሮ አያስፈልገውም። ብዙ ሰዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ በኤክሴል ውስጥ ሁሉም ሴሎች ከመነሻው «ሎክድ» ናቸው፤ ቁልፉ ግን ሺቱ «ፕሮቴክት» እስኪደረግ ድረስ አይሠራም። ስለዚህ ሥራው የቀመር ሴሎችን መቆለፍ ሳይሆን የውጤት ሴሎችን መክፈት ነው። ከ«ቢ 5» እስከ «ኬ 65» ያሉትን 610 ሴሎች እንመርጣለን፤ «ፎርማት ሴልስ» ውስጥ ገብተን «ፕሮቴክሽን» በሚለው ገጽ ላይ «ሎክድ» የሚለውን ምልክት እናነሣለን፤ ከዚያ «ሪቪው» ከሚለው ማውጫ «ፕሮቴክት ሺት» እንላለን። ከዚህ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ መምህር 478ን በድምሩ ሴል ላይ ለመጻፍ ቢሞክር ኤክሴል ይከለክለዋል። የዚያን ልጅ ዓመት ለማዳን ይህ ብቻ በበቃ ነበር።

እንግዲያው ማክሮው ለምን አስፈለገ? ቁልፉ የማይሸፍናቸው ቀዳዳዎች ስላሉ ነው። አንደኛ፣ በውጤት ሴል ላይ ከ0 እስከ 100 ብቻ እንዲገባ «ዳታ ቫሊዴሽን» ብናበጅም፣ ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የሚለጠፍ ቁጥር ይህን ደንብ አልፎ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከተቆለፈ ሴል ኮፒ አድርጎ በተከፈተ ሴል ላይ የሚለጥፍ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም አብሮ ይለጥፋል፤ በማግስቱ የውጤት ሴሉ አልከፈትም ይላል። ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ቆርጦ መለጠፍ፣ ወይም በማውስ ይዞ መጎተት ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር የፈተና፣ የሙከራና የማጠቃለያ ፈተና ውጤቶችን «ቢ 5 ሲደመር ሲ 5 ሲደመር ዲ 5» በሚል ቀመር ይደምራል እንበል። አንድ ሰው የ«ቢ 6»ን ቁጥር ጎትቶ «ቢ 5» ላይ ቢጥለው የ5ኛው ረድፍ ቀመር «ሬፍ» የሚል የስሕተት ምልክት ያወጣል። የ6ኛው ረድፍ ቀመር ደግሞ ቁጥሩን ተከትሎ «ቢ 5»ን መቁጠር ይጀምራል። የቀመሩ ሴል ተቆልፏል፤ ማንም አልነካውም፤ ቀመሩ ግን ተለውጧል። በር ተዘግቶ መሠረቱ በጎን እንደሚቦረቦር ቤት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ማክሮ የሚገባው። «አልት»ንና «ኤፍ 11»ን አብረን ስንጫን የቪዥዋል ቤዚክ ማዘጋጃ ይከፈታል። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆን እኛ በአነባበባቸው እንጠራቸዋለን። በሺቱ ላይ አንድ ሴል በተለወጠ ቁጥር ራሱ የሚነሣ «ዎርክሺት ቼንጅ» የሚባል ማክሮ አለ። የተለወጠውን ሴል «ታርጌት» በሚል ስም ያቀብለናል። ማክሮው የሚሠራው ሥራ በተራ ቋንቋ ይህ ነው፦ የተለወጡት ሴሎች ከውጤቱ ክልል ውስጥ መሆናቸውን «ኢንተርሴክት» በሚባለው ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ከሆኑ እያንዳንዳቸውን አንሥቶ ቁጥር መሆኑን፣ ከ0 እስከ 100 መሆኑን ይመረምራል፤ ካልሆነ «አፕሊኬሽን አንዱ» በሚለው ትእዛዝ የተጠቃሚውን የመጨረሻ ድርጊት ይመልሳል፤ ለምን እንደመለሰም በአማርኛ ያሳውቃል። ተለጥፎ የገባም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

አንድ ወጥመድ አለ። ማክሮው ራሱ «አንዱ» ሲያደርግ ሺቱን መለወጡ ነው፤ ሺቱ ሲለወጥ ማክሮው እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣ ደግሞ ይለውጣል። በማይክሮፎንና በድምፅ ማጉያ መካከል የሚፈጠረውን ጩኸት የሚያውቅ ተማሪ ነገሩ ይገባዋል። መፍትሔው ከመመለሱ በፊት «ኢኔብል ኢቨንትስ» የሚባለውን ሐሰት ማድረግ፣ ከመለሰ በኋላ እውነት ማድረግ ነው። በመካከል ስሕተት ተፈጥሮ ማክሮው ቢቋረጥ ግን ይህ መቀየሪያ እንደጠፋ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ጠባቂው የተኛ መሆኑን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ስሕተት ሲፈጠር «ኦን ኤረር» በሚለው ትእዛዝ ወደ ማክሮው መጨረሻ ተዘሎ መቀየሪያው መመለስ አለበት። ተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ የሚዘነጉት ይህንን መሥመር ነው፤ እኛም ብንሆን ዘንግተነው አንድ ሙሉ ቀን አጥተናል።

መጎተትን ለመከልከል «ሴል ድራግ ኤንድ ድሮፕ» የሚባለውን ባሕርይ ሐሰት ማድረግ ይበቃል። ይህ ትእዛዝ ግን በአንድ ፋይል የማይወሰን፣ ኤክሴልን በሙሉ የሚነካ ስለሆነ ፋይሉ ሲዘጋ መልሶ መክፈት የጨዋ ሥራ ነው። ቆርጦ መለጠፍን ደግሞ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ሴል በሚሻገርበት ጊዜ የሚነሣ ማክሮ «ከት» መደረጉን አይቶ ይሰርዘዋል።

ማክሮው ራሱ በተቆለፈ ሴል ላይ መጻፍ ሲያስፈልገውስ? ለምሳሌ የጠፋ ቀመርን መልሶ እንዲተክል ብንፈልግ ቁልፉ እርሱንም ይከለክለዋል። ሺቱን በማክሮ ስንቆልፍ «ዩዘር ኢንተርፌስ ኦንሊ» የሚለውን እውነት ብናደርገው ቁልፉ ሰውን እንጂ ማክሮን አይከለክልም። ነገር ግን ይህ ፈቃድ ከፋይሉ ጋር አይቀመጥም፤ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር በሚነሣው «ዎርክቡክ ኦፕን» ውስጥ እንደገና መታዘዝ አለበት።

በዚህ አጋጣሚ ማክሮ የሚያስከፍለውን ዋጋ መናገር ይገባል። ሺቱን የሚለውጥ ማክሮ ከሠራ በኋላ ተጠቃሚው በ«ኮንትሮል ዜድ» ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ኤክሴል የድርጊቶቹን ዝርዝር ይሰርዘዋልና። ማክሮ የያዘ ፋይል ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለየ የፋይል ዓይነት፣ በ«ኤክስ ኤል ኤስ ኤም»፣ መቀመጥ አለበት፤ በተለመደው ዓይነት ከተቀመጠ ማክሮው ይጣላል። በሞባይል ስልክ የሚከፈተው ኤክሴል ቪዥዋል ቤዚክን አያሠራም፤ ብዙ መምህራን ዛሬ ሮስተር የሚከፍቱት በስልክ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. እንደታየው ሜሊሳ ያሉ ቫይረሶች በማክሮ አማካይነት ስለተሠራጩ፣ ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል የያዘውን ማክሮ ከመነሻው ያግዳል። ማክሮው ያልተፈቀደለት ፋይል ጠባቂ የሌለው ፋይል ነው። ለዚህ የተለመደው ዘዴ ፋይሉ ሲቀመጥ ሮስተሩን «ቬሪ ሂደን» አድርጎ መሰወር፣ «ማክሮውን ፍቀዱ» የሚል አንድ ገጽ ብቻ ማስቀረት፣ ማክሮው ሲፈቀድ ሮስተሩን መግለጥ ነው። ይሠራል፤ ሰውን ማሰልቸቱ ግን አይካድም።

የይለፍ ቃሉን በተመለከተ ማንም እንዳይታለል። የሺት ቁልፍ ከስሕተት እንጂ ከሌባ አይጠብቅም፤ በተለይ በቆዩት የኤክሴል ዓይነቶች የይለፍ ቃሉ የሚመዘገበው እጅግ አጭር በሆነ መለያ ስለነበር ብዙ የተለያዩ ቃላት ያንኑ ቁልፍ ይከፍቱ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። አንድ መምህር ሮስተሩን ቆልፎ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ራቤል ቢዛወር ትምህርት ቤቱ በራሱ መዝገብ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። የመንዝ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቁታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚጀምረው የጓሳ ደጋ ላይ ሣሩ ለዓመታት ሳይታጨድና ሳይጋጥ ተዘግቶ የሚቆይበት፣ ጊዜው ሲደርስም ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ፈቃድ የሚከፈትበት ጥንታዊ ሥርዓት ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው የፈረሰው። መዝጊያው ብቻ ሳይሆን መክፈቻውም የታወቀ ነበር። ለሮስተሩም የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በርእሰ መምህሩ ዘንድ እንዲቀመጥ መክረናል።

ሁሉንም ቀመር መቆለፍም ልክ አይደለም። በዚያው ሥልጠና ላይ ከዝቅተኛ አገር የመጣ አንድ የቴርሞሜትር ማስተካከያ ሠንጠረዥ አገኘን። ቀመሩ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ የሚነሣ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አንዲት መምህርት ቀመሩ ውስጥ ገብታ 100ን በ90 ተክታዋለች፤ ፋይሉ ቢቆለፍ ኖሮ አትችልም ነበር፤ የቤተ ሙከራው ውጤትም ሁሌ እንደተሳሳተ በቀረ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን ቁጥሩን በቀመር ሆድ ውስጥ የቀበረው ሰው ነው። በቦታ የሚለወጥ ቁጥር ስሙ ተጽፎበት በራሱ ክፍት ሴል ላይ መቀመጥ፣ ቀመሩም ያንን ሴል መጥቀስ አለበት።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለምንወደው ማክሮ ደረስን፤ ይህ የሚከለክል ሳይሆን የሚመረምር ነው። ኤክሴል ቀመርን በሁለት መንገድ መጻፍ ይችላል። በተለመደው አጻጻፍ የ5ኛው ረድፍ ድምር «ከቢ 5 እስከ ኬ 5»፣ የ6ኛው «ከቢ 6 እስከ ኬ 6» ይላል፤ ስለዚህ 61ዱም ቀመሮች በጽሑፍ ይለያያሉ። «አር 1 ሲ 1» በሚባለው አጻጻፍ ግን ቀመሩ የሚናገረው ከራሱ ቦታ ተነሥቶ ነው፦ «ከእኔ በስተግራ ከ10ኛው ሴል እስከ ጎረቤቴ ደምር»። በዚህ አጻጻፍ 61ዱ ቀመሮች ፊደል ሳይለዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ ማክሮው የመጀመሪያውን ረድፍ ቀመር ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከእርሱ የተለየ ሴል ባገኘ ቁጥር በቢጫ ይቀባዋል። በቁጥር የተሸፈነም ይሁን ወሰኑ የተዛባ፣ በመጎተትም የተጣመመ ቢሆን ይገኛል። በእርግጥ የመጀመሪያው ቀመር ራሱ ከተሳሳተ ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ፤ እርሱን በእርሳስ ማረጋገጥ የሰው ሥራ ነው። ጠቅላላው ማክሮ ከ10 መሥመር አይበልጥም።

ልጁና አባቱ ከሄዱ በኋላ ይህን ማክሮ በዚያው ክፍል ሮስተር ላይ አሠራነው። 4 ሴሎች ቢጫ ሆኑ። አንደኛው የልጁ ነው። ሁለቱ በእጅ የተጻፉ ቢሆኑም ከእውነተኛው ድምር ጋር እኩል ነበሩ። አራተኛው የአንዲት ተማሪ ነው፤ የተጻፈላት ድምር 503፣ እውነተኛው 496። በካርዷ ላይ ወደ 10ኛ ክፍል ተዛውራለች የሚል ቃል ከታተመ 2 ሳምንት አልፎታል። መምህራኑ በሩን ዘግተው እስኪመሽ ተከራከሩ። እኛ ውጭ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የቀሩትን ክፍሎች ሮስተር አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመርን።